አሥራ ስድስት አምፔር

የአምቡላንሱ ሰዎች ፖሊስ የጠሩት ሽማግሌው ስለ ሞቱ አልነበረም። ሰባን ያለፉ፣ ሳንባቸው ያለቀ ሰው በበረዶ ሰሞን ቢሞቱ ማን ይገረማል? ፖሊስ የጠሩት የሟቹ ልጅ ከአንድ ቃል በቀር አልናገር ስላለቻቸው ነው።

«እኔ ነኝ የገደልሁት» አለች ስሟን ሲጠይቋት። ውሃ ሲሰጧትም ያንኑ ደገመች።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዓመት፣ የጥር ወር መጨረሻ። ኢየሩሳሌም በብዙ ዓመት አንዴ የምታየው ዓይነት በረዶ ወርዶባት የቂርያት መናሔም ዳገቶች ነጭ ለብሰዋል። የፖሊሱ መኪና የመጨረሻውን ዳገት አቅቶት ስለ ቆመ፣ መርማሪ ይርገዱ ወርዳ አጥር እየተደገፈች በእግሯ ወጣች።

ይርገዱ በልጅነቷ ከጎንደር በሱዳን በኩል የመጣች፣ አሁን ሠላሳዎቹን በማገባደድ ላይ ያለች ሴት ናት። ዝምተኛ ናት፤ ሰው ሲያናግራት ከፊቱ ይልቅ እጁን ታያለች። በጣቢያው አማርኛ የሚችል መርማሪ እሷ ብቻ በመሆኗ፣ አማርኛ ያለበት ሐዘን ሁሉ ወደ እሷ ይላካል።

ቤቱ መንግሥት ካሠራቸው አሮጌ ሕንፃዎች በአንደኛው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጫፍ ላይ የሁሉንም ቤት ቆጣሪና ብሬከር፣ ማለት ጫና ሲበዛ ራሱ ወርዶ መብራት የሚቆርጥ ማጥፊያ፣ የያዘ የቆርቆሮ ሣጥን አለ፤ ቁልፍ የለውም። ይርገዱ ሣጥኑን አልፋ ገባች።

ሟቹ አቶ አይቸው አልጋቸው ላይ ናቸው። የኦክስጅኑ ቀጭን ቱቦ ከአፍንጫቸው አልወጣም። ማሽኑ አጠገባቸው ተጎልቶ፣ የሚያተነፍሰው ሰው እንደሌለ ሳያውቅ ያጉረመርማል። ከእግራቸው ሥር ባለ ሦስት ዘንግ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፤ አንዱ ዘንግ ቀልቶ ይበራል። ወጥ ቤት ውስጥ የሰንበቱን ምግብ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ጠፍጣፋ ምድጃ፣ ሁሉም «ፕላታ» የሚሉት፣ ድስት እንደ ተሸከመ ነው። በአይሁድ ሰንበት መብራት ማብራትም ማጥፋትም ክልክል ስለ ሆነ ሁሉም እንዳለ ቀርቷል።

አሰፋሽ፣ የሟቹ ልጅ፣ ወጥ ቤት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ይርገዱ ወንበር አልሳበችም፤ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እታለም፣ እኔ ይርገዱ እባላለሁ። ምን እንደ ሆነ ንገሪኝ።»

«ሰንበት ሻርሁ። ሰንበት ሽሬ አባቴን ገደልሁት።»

«እንዴት አድርገሽ ሻርሽ?»

አሰፋሽ መሬት መሬቱን እያየች ነገረቻት። ማሞቂያው በሰንበት ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ሰዓት አለው። ጠዋት ሰዓቱ አጠፋው። አባቷ ግን ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። ልጇ ማኦር ለጸሎት ወጥቷል። እሷ ማሞቂያውን ከሰዓቱ ነቅላ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካችው።

«ተይ አለኝ። ሰንበት ነው፣ ተይ ልጄ አለኝ። እኔ ግን መንቀጥቀጡን ማየት አልቻልሁም። ሲሞቀው ጊዜ ቄሱን ጥሪልኝ አለኝ። ወጣሁ። በረዶው ላይ ወደቅሁ፣ ተነሣሁ፣ ደግሞ ወደቅሁ። ጸሎት ቤት ስደርስ ማኦርን አገኘሁት፤ እሱ ቀድሞኝ ሮጠ። ‹ስመጣ ቤቱ ጨልሞ ነበር› አለኝ። መብራቱን አቃጥዬው ማሽኑ ቆሞበት፣ አየር አጥቶ ብቻውን ሞተ።»

«ማሞቂያውን መሰካትሽን ለማን ነገርሽ?»

«ላንቺ። ለልጄ እንኳ በምን አፌ? እሰሪኝ፣ እኅቴ። እዚህ ቤት አታስቀምጪኝ።»

ይርገዱ እጇን ያዘቻት።

ማኦር የውትድርና ፈቃድ ላይ ያለ፣ ረጅም፣ ከአማርኛው ዕብራይስጡ የሚቀናው ልጅ ነው። ደረጃው ላይ ቆሞ ግድግዳውን በጫማው ጫፍ ይመታል።

«ስትመጣ ምን አገኘህ?»

«ሆሼኽ፤ ጨለማ። መስኮቱ ለብርዱ ተዘግቷል። ማሽኑ ፀጥ ብሎ ነበር። ሣጥኑን ከፈትሁ፣ የኛ ብሬከር ወርዷል፣ ወደ ላይ አደረግሁት። ሁሉም በራ። ሳባ ግን...» ሳባ የሚለው አያቱን ነው።

«ብሬከሩን ከመመለስህ በፊት የነቀልኸው ነገር አለ?»

«ምንም። ወደ እሱ ሮጥሁ።»

«ከዚያ ወዲህ ወርዷል?»

«አልወረደም።» ትንሽ ቆይቶ ጨመረ። «እናቴ ገደልሁት ትላለች። አማርኛዋ ስለሚያመልጠኝ ነው ብዬ ነበር። እውነት እንደሱ ነው የምትለው?»

«እንደሱ ነው የምትለው» አለች ይርገዱ። «እውነት መሆኑን ግን ገና አላውቅም።»

በዚህ መሐል የፊት ለፊቱ በር ተከፈተና አንድ ሰው ወጣ። ገበያው ይባላል፤ አርባ ዓመት አካባቢ ነው፣ የሕንፃዎች ጥገና ሠራተኛ፣ ከሟቹ ጋር የአንድ አገር ሰው። ዓይኑ ደም መስሏል፤ ማልቀሱ የውሸት አይደለም። ይርገዱ የት እንደ ነበረ ጠየቀችው።

«እቤቴ። እግሬን አሞኝ ጸሎት አልሄድሁም። ተኝቼ ነበር፣ ማኦር ሲጮህ ነው የነቃሁት። አያ አይቸው እንደ አባት ነበሩ፣ እኅቴ። ያን ማሞቂያም አምና ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ። ምነው እጄን በሰበረው!»

«ማሞቂያው ምን አደረገ?»

«ጫናው ነዋ። እሱ ሦስት ሺህ ዋት ነው። ፕላታው አንድ ሺህ አምስት መቶ። ማሽኑ አራት መቶ። አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዋት ለሁለት መቶ ሠላሳ ቮልት ብታካፍይው ሃያ አንድ አምፔር ይመጣል። ብሬከሩ አሥራ ስድስት ነው፤ እንዴት ይሸከማል? ይወርዳል።» እንባውን በመዳፉ ጠረገ። «አሰፋሽ ላይ አትፍረጂባት። ሲንቀጠቀጡ አይታ አንጀቷ አልችል ብሎ ሰካችው፤ ምን ታድርግ?»

ይርገዱ የገበያውን እጆች አየች። አንዱ አንዱን አጥብቆ ይዞ ነበር። አመስግናው ወደ ታች ወረደች።

ሁለተኛ ፎቅ፣ ከሟቹ ቤት ሥር የምትኖረው ማልካ፣ ከሞሮኮ የመጣች ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። በዕብራይስጥ ነው ያወሩት። ማልካ ስለ ማሽኑ ድምፅ ለሕንፃው ሰው ሁሉ ስታማርር ኖራለች፤ አሁን ያ ያሳፍራታል።

«ቀንና ሌሊት ጣሪያዬ ላይ ሲያጉረመርም እንቅልፍ የለኝም ነበር» አለች። «አሁን ቢቆም ደስ የሚለኝ ይመስልሻል?»

«ዛሬ ጠዋት ምን ሰማሽ?»

«አሰፋሽ ወርዳ ወጣች፤ አካሄዷን አውቀዋለሁ። ከዚያ ፀጥ አለ። በኋላ የደረጃው ቆርቆሮ ሲንጫጫ ሰማሁ፣ ያ ሣጥን ዘይት አይቶ አያውቅም። ከዚያ ፉጨት መጣ፤ ፒ፣ ፒ፣ ፒ የሚል። መንገድ ላይ በረዶ የሚጠርግ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ መሰለኝ። ብዙ ቆይቶ ቆመ። ከዚያ የወታደር ጫማ እየሮጠ ወጣ።»

«መጀመሪያ ቆርቆሮው፣ ቀጥሎ ፉጨቱ። ተሳስተሽ ይሆን?»

«አሮጊት ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም።»

«ያንቺ መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ለአፍታም አልጠፋም።»

አቶ አይቸው እሑድ ከሰዓት ተቀበሩ። ለቀስተኞቹ በረዶ እየረገጡ ሲመለሱ ይርገዱ አብራ ተመለሰች። የምትለካበትን ዕቃ ከፖሊስ ላቦራቶሪ ተውሳ ነበር። ይርገዱ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለች የኤሌክትሪክ ክፍል ያስገቧት ሳይጠይቋት ነው፤ ሌላ የሚሆናት አልመሰላቸውም። ያኔ አልቅሳበታለች። የተማረችውን ግን አልረሳችም።

ማሞቂያውን ነቅላ እስኪበርድ ጠበቀች። የመለኪያውን ሁለት እግሮች በሶኬቱ ሁለት ጥርሶች ላይ አስነካች። መለኪያው አምሳ ሦስት ኦም አሳየ። አንገቷን ነቀነቀችና ፕላታውንም እንደዚያው ለካች፤ ማሽኑን ደግሞ አስነሥታ የሚስበውን አምፔር አየች። ለነዚህ ጀርባቸው ላይ የተጻፈው ትክክል ነበር።

አሰፋሽ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ታያታለች።

«ቁጥር ምን ያደርግልኛል? እግዜር ያየውን ቁጥር አይፍቀውም።»

«ማሞቂያው መቼ ነው እንዲህ የሆነው፣ እታለም? ሁለቱ ዘንግ ቀልቶ አያውቅም?»

«ሐሙስ ማታ በረዶው ሲጀምር ማኦር መትቶ ጣለው። ከዚያ ወዲያ በአንድ እግሩ ነው የሚሠራ። ለዚህም ነው አባቴን የበረደው።»

«ከሐሙስ ወዲህ ከናንተ ሌላ እዚህ ክፍል ማን ገባ?»

«ማንም። ገበያው ነበር በየማታው የሚመጣ። ሐሙስ ጠዋት ተኳረፉና ቀረ።»

«በምን ተኳረፉ?»

አሰፋሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነገረቻት። እናና የምትባለው የገበያው ሚስትና ትንሽ ልጁ ጎንደር ናቸው። ለመምጣት ከተመዘገቡ ዓመታት አልፈዋል፤ ሚስራዱ፣ ማለት የመግቢያ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ፣ እናና ከአይሁድ ዘር መሆኗን አላመነም። እሑድ እዚያ አገር የሥራ ቀን ነው፤ በዚያችው በቀብሩ ቀን አቶ አይቸው ቀርበው ስለ ዘሯ እንዲመሰክሩ ተቀጥረው ነበር። የዚያን አገር ዘር ቆጥረው የሚያውቁ የቀሩት ሽማግሌ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ገበያው እግሩ ላይ ወድቆ ለመነው። አባቴም ‹ዘሯን አላውቅም፤ ከጠየቁኝ አላውቅም እላለሁ፤ በሐሰት አልምልም› አለው። ከዚያ ወዲያ አልመጣም።»

«ገበያው ዓርብ የት ነበር የዋለ?»

«ኢትዮጵያ መንገድ መሰለኝ። እዚያ አካባቢ ነው የሚሠራ።»

በማግስቱ ይርገዱ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ሄደች። ጠባቡ መንገድ በከፍተኛ የድንጋይ አጥር መሐል ይወጣል፤ ከአጥሩ በስተጀርባ የኢትዮጵያውያኑ ክብ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት በረዶው እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ገበያው ዓርብ የመነኮሳይያቱን መኖሪያ መብራት ሲጠግን እንደ ዋለ አሠሪዎቹ ነግረዋት ነበር። በሩን የከፈቱላት አንዲት እማሆይ ናቸው።

«እማሆይ፣ ገበያውን ያውቁታል?»

«የምናውቀው ልጅ ነው። ፋሲካ ሲሆን ከጎንደር የሚመጣ ተሳላሚ እየፈለገ ለሚስቱ መልእክት ይሰዳል። ሃይማኖታችን ባይገጥም ሐዘኑ ይገጥመናል።»

«ዓርብ እንዴት ነበር?»

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ወደ መዳፋቸው ሰበሰቡ።

«መሰላሉ ላይ ሆኖ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ‹እናንተ ለመኖሪያ ፈቃድ ሚስራድ ትሄዳላችሁ፤ ምስክር የተባለው ሰው ሳይቀርብ ቢቀር ያባርሯችኋል ወይስ ሌላ ቀን ይቀጥሯችኋል?› አለኝ። ‹ሌላ ቀን ይቀጥሩናል፤ ሌላ ምስክር አምጡ ይላሉ› አልሁት። ከዚያ ከመሰላሉ ወርዶ ተቀመጠና አለቀሰ።» እማሆይ ይርገዱን አዩዋት። «ክፉ ነገር መለስሁለት እንዴ፣ ልጄ?»

«እርስዎ የጠየቀዎትን ነው የመለሱለት።»

ይርገዱ ወደ አጥሩ ጥግ ወጥታ ቆመች። በዚያ ሰዓት ሁሉንም ታውቅ ነበር። የገበያውን ሚስት አይታት አታውቅም፤ እንዲህ ተለያይተው የቀሩ ሰዎችን ግን ታውቃለች። የገዛ አክስቷ ሱዳን ውስጥ መቃብር እንኳ የላትም።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ፣ ይርገዱ ለቀስተኛው ሳሳ ባለበት ሰዓት መጣች። ሁለት ፖሊሶች ደረጃው ሥር ቀሩ። ክፍሉ ውስጥ አሰፋሽና ማኦር፣ ማልካ፣ ቄሱ፣ ገበያውም በሩ አጠገብ ነበሩ። ይርገዱ ማኦርን ማሞቂያውን እንዲሰካ፣ ፕላታውን እንዲለኩስ፣ ማሽኑንም እንዲያስነሣ ጠየቀችው። ማሽኑ ማጉረምረም ሲጀምር አሰፋሽ ጆሮዋን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ለምን ታስነሺብኛለሽ?»

«ላንቺ ብዬ ነው፣ እታለም። እስክጨርስ ታገሽኝ።»

ከዚያ ቆማ ተናገረች፤ ለማልካም እንዲገባት እያሰለሰች በዕብራይስጥ ትደግመው ነበር።

«አሰፋሽ ማሞቂያውን በመሰካቷ ብሬከሩ ወረደ፣ ማሽኑ ቆመ፣ አባቷ ሞቱ፤ እስከ አሁን ያልነው ይህን ነው። እሷም አምናለች፣ እኛም ልናምን ነበር። ገበያው የሠሩት ሒሳብም ስሕተት የለበትም። ዋት ማለት ቮልት በአምፔር ሲባዛ ነው። ማሞቂያው ላይ የተጻፈውን ሦስት ሺህ ከያዝን ጠቅላላው ሃያ አንድ አምፔር ይሆናል። ብሬከሩ አይችለውም።»

ገበያው ራሱን ነቀነቀ።

«ማሞቂያው ግን የተጻፈበትን አይደለም» አለች ይርገዱ። «እዩት፤ ከሦስቱ አንዱ ዘንግ ብቻ ነው የሚቀላ። ሐሙስ ዕለት ወድቆ ሁለቱ ተበጥሰዋል። ለክቼዋለሁ፣ አምሳ ሦስት ኦም ነው። ሦስቱም ቢሠሩ ኖሮ አሥራ ስምንት ገደማ ይሆን ነበር። ኦሙ በበዛ ቁጥር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ያንሳል። ሁለት መቶ ሠላሳ ቮልት ለአምሳ ሦስት ኦም ሲካፈል አራት አምፔር ከምናምን ነው። ያንን መልሳችሁ በሁለት መቶ ሠላሳ ብታባዙት አንድ ሺህ ዋት ይሆናል እንጂ ሦስት ሺህ አይደለም። ፕላታውና ማሽኑ ስምንት አምፔር ገደማ ናቸው። ሁሉም ተደምሮ አሥራ ሦስት አይሞላም። ብሬከሩ አሥራ ስድስት ይሸከማል።»

ይርገዱ በእጇ ወደ ማሽኑና ወደ ፕላታው አመለከተች።

«ሁሉም እየሠራ ነው። ብሬከሩም አልወረደም። ቅዳሜ ዕለትም ማኦር ምንም ሳይነቅል መለሰው፤ ይኸው እስከ ማታ ቆየ። ሽቦ ተነካክቶ ቢሆን ኖሮ ሲመልሰው ወዲያው ይወርድ ነበር። የሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ቢሆን የማልካም ይጠፋ ነበር። አሰፋሽ፣ ስሚኝ። አንቺ የሰካሽው ማሞቂያ አባትሽን አሞቃቸው። ሌላ ምንም አላደረገም።»

አሰፋሽ ነጠላውን ከጆሮዋ አወረደች።

«እንግዲያ ብሬከሩ በእጅ ነው የወረደው» አለች ይርገዱ። «ማልካ የቆርቆሮው ሣጥን ሲንጫጫ ሰምታለች። ከዚያ በኋላ ፉጨት ሰማች። ፉጨቱ መኪና አልነበረም፤ ማሽኑ መብራት ሲያጣ በውስጡ ባለ ባትሪ የሚያሰማው ጥሪ ነው። መጀመሪያ ሣጥኑ ተከፈተ፣ ቀጥሎ ማሽኑ ቆመ። ማን ነው? አሰፋሽ ከዚያ በፊት ወጥታለች። ማኦር ጫማው የተሰማው ፉጨቱ ብዙ ከቆየ በኋላ ነው። ማልካ የደበቀችው ነገር ቢኖር ሣጥኑን አታነሣልኝም ነበር፤ ራሷን የሚያስጠረጥር ነገር ሳልጠይቃት ነገረችኝ።»

ማልካ በዝግታ ወደ በሩ ዞረች። ሁሉም ዞሩ።

«ገበያው፣ ተኝተው ነበር አሉኝ» አለች ይርገዱ ድምፅዋን ሳታነሣ። «አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ ያለችው አሮጊት ፉጨቱን ስትሰማ፣ ፊት ለፊት ያሉት እርስዎ አልሰሙም። ያም ይሁን። ግን አሰፋሽ ማሞቂያውን በእጇ መሰካቷን ለኔ ብቻ ነው የነገረች፤ ከኀፍረቷ የተነሣ ለልጇ እንኳ አልነገረችም። እርስዎ ግን ሳልጠይቅዎ፣ ሲንቀጠቀጡ አይታ እንደ ሰካችው ነገሩኝ። ያን ለማወቅ ጠዋት በሩ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ዘንጎቹ መበጠሳቸውን ደግሞ ቤቱ የገባ ሁሉ ያውቃል፤ እርስዎ ከሐሙስ ጠዋት ወዲህ ስላልገቡ አላወቁም። በሠሩት ሒሳብ ውስጥ ሦስቱም ዘንግ ደህና ነው።»

ገበያው አልካደም። ጀርባውን በበሩ ላይ አንሸራትቶ ቁጭ አለ።

«ልለምናቸው ነበር የመጣሁት» አለ። «እንደገና ልለምን። በሩ ላይ ስደርስ እሷና እሳቸው ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ ተይ ልጄ ሲሉ፣ እሷ ትንቀጠቀጣለህ ብላ ስትሰካ። ተመልሼ ቤቴ ገባሁ። እሷ ስትወጣ ሰማኋት። ነገ እሑድ ነው አልሁ። ነገ አላውቃትም ይላሉ፤ አላውቃትም ካሉ በኋላ ሌላ ምስክር የለም፣ ፋይሉ ይዘጋል። ባይቀርቡ ግን ሌላ ቀን ይቀጥሩናል። ሣጥኑን ከፈትሁ።» ድምፁ ተቆረጠ። «ፉጨቱን ሰማሁት፣ እኅቴ። ብሬከሩ ላይ እጄ ነበር። ልመልሰው ትንሽ ወደ ላይ ገፋሁት። ከዚያ ልጄ ታየችኝ። ስለያት ገና አትቆምም ነበር፤ አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እጄን አነሣሁ።»

ማኦር ተነሣ። ይርገዱ ትከሻውን ያዘችው። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ያኔ ነው አሰፋሽ የተናገረችው፤ ካባቷ ሞት ወዲህ ሰው ሁሉ ከሰማው ድምፅዋ የተለየ፣ ፀጥ ያለ ድምፅ ነበር።

«አባቴ ቄሱን ጥሪልኝ ያለኝ ለምን እንደ ሆነ ታውቃለህ፣ ገበያው?»

ገበያው ቀና አለ።

«ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም። ያንተ ለቅሶ አላስተኛው ብሎ ሲቆጥር ያድር ነበር። ሲቆጥር፣ ሲቆጥር። ቅዳሜ ጠዋት ትዝ አለው። የእናና ቅድመ አያት የአባቴ አያት ታላቅ እኅት ናት፤ ወደ ሌላ አገር ተድራ ሄዳ ስሟ ተለውጦ ነው የጠፋችበት። ሰባተኛው ቤት ሳይደርስ ተገናኙ። ‹የኛው ናት፣ ልጄ፤ ቄሱ ይምጣልኝና አብረን እንመስክርላት፣ ገበያውንም ጥሪው› አለኝ። ቀድሜ ያንተን በር ላንኳኳ ነበር። ቄሱ ይቅደም ብዬ አለፍሁት።»

ገበያው ግንባሩን መሬት ላይ አስደግፎ እንዲያው ቀረ። ፖሊሶቹ መጥተው አነሡት፤ ተሸክመው ነው ደረጃውን ያወረዱት። ማልካ ሄዳ የማሽኑን ማጥፊያ ፈልጋ አጠፋችው።

ይርገዱ የመጨረሻዋ ወጪ ነበረች። በሩ ላይ አሰፋሽ የይርገዱን እጅጌ ያዘች።

«ይህን ቀድመሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት ይርገዱ።

«እኔ የገደልሁት መስሎኝ፣ ሌላው ሁሉ ምን ይረባል ብዬ። አሁን ጎንደር ያለችውስ ምን ትሆናለች?»

ምስክር ሞቷል፤ ባል ወኅኒ ወርዷል፤ እንዲህ ባለ ነገር ላይ የፋይል መዘጋት የተለመደ ነው። ይህን ይርገዱ ሳትሸሽግ ነገረቻት።

የለቅሶው ሰባት ቀን ሲያልቅ በማግስቱ አሰፋሽ ጥቁሯን እንደ ለበሰች አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ መሐል ከተማ ወረደች። ማኦር ዕብራይስጡን ሊተረጉምላት አብሯት ሄደ፤ መንገድ ላይ እንደዚያ ላለ ሰው ለምን ትመሰክሪያለሽ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቃት። ሁለት ጊዜም ለእሱ አይደለም አለችው። ሚስራዱ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ጸሐፊዋ ፋይሉን አገላብጣ ምስክሩ መሞቱን አየች፤ የሞተ ሰው ቃል በሌላ አፍ እንደማይመዘገብ፣ ሴትዮይቱም እዚህ የሚጠይቅላት ባል ስለሌላት ጉዳዩ እንደሚዘጋ ነገረቻት።

አሰፋሽ ከወንበሩ አልተነሣችም። ከኋላዋ ሰልፍ የያዙት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀምጣ ማኦርን አየችው።

«እናትህን ጠይቃት። ላመልካቿ ምኗ ናት?»

ማኦር ተረጎመላት። አሰፋሽ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀና አለች።

«ዘመዷ ነኝ» አለች። «ጻፊ፤ ልቁጠርልሽ።»

ከአባቷ ጀመረች።